አጎቴ ሆሊስ የሠሩት የውሃ ውስጥ መብራት

ፒፕኪን ስፕሪንግ፣ ፍሎሪዳ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1979

ለወንድሜ ልጅ ለግሌንዳ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም ባልሽን ድዋይትንም በደህና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ የግራ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ጤነኛ ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። አውሎ ነፋሱ በምሥራቅ በኩል አለፈልን። ከጓሮዬ የተሰበረው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፣ እሱም የወደቀው የሃርላን ፐርቪስ አጥር ላይ ነው። ሃርላንን መቼም አትረሺውም፣ ያ ወሬኛ ጎረቤቴ። ቅርንጫፉን ሆን ብዬ እንደላክሁበት ለመንደሩ ሁሉ እያወራ ነው፤ በማግስቱ ግን ቡና ይዞልኝ መጣ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለቤቴ፣ አክስትሽ ኦፓል፣ ካረፈች ወዲህ ምንጩ ውስጥ የጠለቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለሰው ሁሉ እንደነገርኩት፣ ከሥሩ ያለው ዋሻ አፍ ላይ ስደርስ መብራቴ ድርግም አለብኝና ገመዱን እየዳበስኩ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በማላምነው መብራት አልገባም ብያለሁ። ሱቅ የሚሸጠውን አየሁት፤ ለመታጠቢያ ገንዳ ካልሆነ አይረባም። ስለዚህ ራሴ ልሠራ ተነሥቻለሁ። የማምነው መብራት እጄ የገባ ቀን እንደገና እጠልቃለሁ፣ ይኸው በጽሑፍ ሰጠሁሽ።

አካሉ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ ከቧንቧ ሥራዬ የተረፈ። ቱቦው ውስጥ የሞተር ሳይክል ባትሪ ይገባል፣ እሱ ወገቤ ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ ሽቦ ወጥቶ በእጄ ወደምይዘው የመብራቱ ራስ ይሄዳል። የጎደለኝ ከአምፖሉ ፊት የሚገጠመው ክብ ብርጭቆ ነው። እዚህ የማገኘው ስስ ነው። አንቺ የጠላቂዎች ዕቃ በሚጠገንበት ቤት ስለምትሠሪ፣ መዳፌን የሚያህል ወፍራም ብርጭቆ ካገኘሽ ላኪልኝ። መዳፌን ታስታውሻለሽ መቼም፤ ትልቅ ነው።

አጎትሽ ሆሊስ ቴተም


ስታቫንገር፣ ኖርዌይ
ኦክቶበር 14 ቀን 1979

ለማከብርዎ አጎቴ ሆሊስ፤

ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ይድረስዎ፣ ለጉልበትዎም ጭምር። እኛ ደህና ነን። ድዋይት ባሕር መሐል ነዳጅ ማውጫው ላይ ነው፤ ወደ ቤት ሲመጣ ይተኛል፣ ሲነሣ ይበላል፣ ከዚያ ይሄዳል። እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ምግቡ አንድ ቀን ዓሣ በድንች ነው፣ በማግስቱ ድንች በዓሣ። የበቆሎ ገንፎና የተቀቀለ ለውዝ በሕልሜ ይመጡብኛል።

የመብራቱ ወሬ እንዴት ደስ እንዳሰኘኝ! ብርጭቆው በዚህ ሳጥን ውስጥ አለ። እዚህ ጨለማ ባሕር ውስጥ የሚወርዱት ጠላቂዎች የሚይዙት ነው፣ ፒፕኪን ምንጭ አይበግረውም።

አንድ ነገር ልንገርዎ። የተጠገነ መብራት ስፈትሽ ሳላስበው ግድግዳው ላይ ክብ እሠራለሁ። አለቃዬ እያየ ይስቃል፤ “ለማን ነው?” ይለኛል። ውሃ ውስጥ በመብራት ክብ መሥራት “ደህና ነኝ” ማለት መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኛ ከታች ሆነን ክቡን ወደ ላይ ስንሠራ፣ አክስቴ ኦፓል ከዳር ሆና በቦርሳዋ መስታወት ፀሐይዋን አንጸባርቃ ክብ ስትመልስልን ትዝ ይልዎታል? እኔ እስካሁን ከዚያ የበለጠ ደስ የሚል ነገር አላየሁም።

መብራቱ ሲያልቅ የሚጠልቁበትን ቀን ይጻፉልኝ። ብቻዎን ግን እንዳይገቡ፤ ዋሻው ውስጥማ ጭራሽ። ከሰማሁ ዋኝቼ እመጣለሁ።

የወንድምዎ ልጅ ግሌንዳ


ፒፕኪን ስፕሪንግ
ኖቬምበር 25 ቀን 1979

ውድ ግሌንዳ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ደረትሽን ደግሞ ከብርዱ ጠብቂ። የምስጋና ቀን የቱርክ ዶሮዋን ዘንድሮም በሃርላንና በሚስቱ በማክሲን ቤት በላሁ። ማክሲን እንደ ሁልጊዜው አድርቃታለች፣ እኔም እንደ ሁልጊዜው ሁለተኛ ሰሃን ጠየቅሁ።

ብርጭቆሽ ልክ ነው! ጠርዙን ትንሽ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ከዚያ ቁጭ አለ። ክዳኑን ከወፍራም ፕላስቲክ በቶርኖ ማሽን አውጥቻለሁ፣ ጎድጎዱ ላይ ውሃ የምታግደውን የጎማ ቀለበት አስቀመጥኩ፣ ግራሶ ቀባሁ። ግራሶ ሲቀባ ጎማዋ እንድታብለጨልጭ ያህል ብቻ ነው፤ ሃርላን ግን አጠገቤ ቆሞ “ጨምር እንጂ! ዳቦ ላይ ቅቤ ስትቀባ እንዲህ አትቆጥብ!” ይለኛል።

እንደምታውቂው ሲሞከር መጀመሪያ ባትሪና አምፖል አይገባበትም። ባዶውን ቱቦ የእርሳስ ብረት አሸክሜ፣ ውስጡ አንድ ገጽ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በገመድ ወደ ምንጩ ጥልቅ ቦታ አወረድኩት። ምሳዬን በልቼ ተመልሼ ሳወጣው ጋዜጣው ርሷል። ክዳኑን ከፍቼ ብመረምር፣ ጎማዋ ላይ አንዲት የድመት ፀጉር ተጋድማለች። ቢስኪት የምትባለው ድመቴ እዚያው የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የምትተኛው። ውሃው በዚያች ፀጉር ጎን ሾልኮ ገባ። ሃርላን ድመቷን “ዋና መሐንዲስ” ብሎ ይጠራታል አሁን።

ፀጉሯን አንሥቼ መልሼ ባወርደው ጋዜጣው ደረቅ ወጣ፤ የኳስ ውጤቱን አነበብኩበት። ቢሆንም ጎማዋን አላመንኳትም። እዚህ የሚሸጠው ቶሎ ይደርቃል። እዚያ ጥሩ ዓይነት ካለ ላኪልኝ። እስከዚያው መጥለቅ የለም።

አጎትሽ ሆሊስ


ስታቫንገር
ጃንዋሪ 20 ቀን 1980

ለውድ አጎቴ፤

አዲሱ ዓመት ሰላምና ደረቅ ቱቦ ይስጥዎ። የዘገየሁት የጎማ ቀለበቶቹ ከሌላ ከተማ ስለሚመጡ ነው። ይኸው ልኬያለሁ፣ ሁለት መለዋወጫም አለው። ለዋና መሐንዲሷ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፣ ከጠረጴዛው ላይ ግን ያውርዷት።

አሁን ደግሞ የሥራዬ ነገር ሆኖብኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። የድሮው መብራትዎ ዋሻው አፍ ላይ ሲጠፋ ውሃው በየት ነበር የገባው? በክዳኑ ነው ወይስ በሽቦው መውጫ? ወይስ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተቆርጦ ነው? እዚህ የምንጠግነው ሁሉ ከነዚህ በአንዱ ነው የሚበላሸው። ምክንያቱ ካልታወቀ አዲሱም ያንኑ ሊደግም ይችላል። ካላስቸገርኩዎ የድሮውን ጠቅልለው ይላኩልኝ፣ እኔ ፈትሼ እነግርዎታለሁ።

ደግሞም ቀኑን አልጻፉልኝም። በፀደይ ይሆናል? አክስቴ የተከለችው አዛሊያ ሲያብብ?

ግሌንዳ


ፒፕኪን ስፕሪንግ
ማርች 30 ቀን 1980

ውድ ግሌንዳ፤

በዝናብሽ መሐል እግዚአብሔር ያሙቅሽ። እዚህ ሁሉ ደህና ነው፣ ወንዙም ሞልቷል።

መብራቷ ተሠርታ አልቃ ነበር። “ነበር” ያልኩበትን አሁን ትሰሚያለሽ። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የዓሣ ጥብስ ነበረ። ሃርላን፣ “ሆሊስ መብራት ሠራ፣ ፀሐይን ያስንቃል” ብሎ ስላወራ፣ ካላሳየኸን አሉኝ። ከመኪናዬ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቅመም ጎመኑ አጠገብ አስቀምጬ አበራሁት። ልጄ፣ እንዴት እንደበራ ብታዪ! ማክሲን እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ “አጥፋው፣ ሽበቴ ታየ!” አለች።

ልክ በዚያ ሰዓት ፓስተር ለሙኤል “እንጸልይ” አሉ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ማጥፊያው ደግሞ ሲጫኑት ቀጭ ይላል፤ በጸሎት መሐል ቀጭ ማድረግ ነውር መሰለኝና ተውኩት። ፓስተሩ ለዓሣው አመሰገኑ፣ ለታመሙት ጸለዩ፣ በሩቅ አገር ላሉት ሰባኪዎች ጸለዩ፣ አገረ ገዢውንም አልረሱም። ዝናብ ላይ ሲደርሱ ጧ! አለ። ብርጭቆሽ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ የመብራቱ ራስ ፕላስቲክም እንደ ቸኮሌት ቀልጦ ዘምሟል። “አሜን” ያን ቀን ከሁሉም አፍ አንድ ላይ ነው የወጣው። ሃርላን፣ “ይህን ሁሉ ዓመት ስንጸልይ መልስ ስናገኝ የመጀመሪያችን ነው” አለ።

እንግዲህ ብርጭቆና አምፖል ላኪልኝ፣ ቀጭ የማይል ማብሪያም ካለ ጨምሪ። ዘንድሮ ለፀደይ አይደርስም። በበጋ እናያለን።

አጎትሽ ሆሊስ


ስታቫንገር
ኤፕሪል 20 ቀን 1980

አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩትና አልሳቅሁም።

እንዲህ ያለ ትልቅ አምፖል የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነው፣ ከውሃ ውጭ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንጂ አይበራም። ይህን ማን ነው ያስተማረኝ? ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ጋራዥ ውስጥ አብርቼ ስጫወት በጩኸት የነጠቁኝ እርስዎ አይደሉም? ሃርላን ቢያደርገው ሃርላን ነው እላለሁ። እርስዎ ግን መብራት በአንዲት “ቀጭ” ምክንያት የሚያቃጥሉ ሰው አይደሉም።

መጀመሪያ ብርጭቆ ጎደለ፣ ላክሁ። ቀጥሎ ጎማ ጎደለ፣ ላክሁ። አሁን ደግሞ ሁሉም ጎደለ። ስለ ድሮው መብራት ጠየቅሁዎ፣ ጥያቄዬን እንዳላዩት አለፉት። ስለ አክስቴ መስታወት ጻፍኩልዎ፣ ያንንም አለፉት። እኔ እኮ እዚያው ምንጭ ዳር ያደግሁ ልጅ ነኝ፣ ዝም ሲሉ ይሰማኛል።

መጥለቅ ካልፈለጉ “አልፈልግም” ይበሉኝ፣ አንድ ቃል አልጨምርም። ግን በመብራቱ አያሳብቡ። ምን አደረገዎት?

በዚህ ደብዳቤ ሳጥን የለም። መጀመሪያ መልስዎን ልስማ።

የምትወድዎ ግሌንዳ


ፒፕኪን ስፕሪንግ
ጁላይ 13 ቀን 1980

ግሌንዳዬ፤

ዝምታዬን ኩርፊያ አድርገሽ እንዳትቆጥሪው። ጽፌ ቀድጃለሁ፣ ደግሞም ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህኛውን ፖስታ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ሳልልከው እንዳልመለስ።

የድሮው መብራት ጋራዡ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ትናንት አበራሁት። በባልዲ ውሃ ነክሬ ነው ያበራሁት፣ ትምህርቴን ወስጃለሁ። ደህና አድርጎ ይበራል። ያን ቀንም አልጠፋም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ሁሉ ድስቱን እየያዘ ሲመላለስብኝ ሰለቸኝና፣ አንድ ጠዋት ዕቃዬን ለብሼ ገባሁ። ውሃው እንደምታውቂው ነበር፣ ሁሉ ነገር ቁልጭ ብሎ የሚታይበት። የዋሻው አፍ ላይ ደረስኩ፣ እንደ ሁልጊዜው ዞር አልኩና መብራቱን ወደ ላይ አንሥቼ ክብ ሠራሁ። ሳላስበው ነው። ከተጋባን ጀምሮ ሳደርገው የኖርኩት ነገር ነው። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። ሞኝ፣ ቆሜ ጠበቅሁ። አላየችኝ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ምን እየጠበቅሁ እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

መብራቱን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ገመዴን ይዤ ወጣሁ፣ ሃርላን መንገድ ላይ አግኝቶ “ምነው ፊትህ?” ቢለኝ “መብራቱ ጠፋብኝ” አልኩት። ለሃርላን ሌላ ምን ይባላል? ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔም እሱኑ እየደገምኩ ቆየሁ።

የዓሣ ጥብሱን ቀን አውቄ ነው ያቃጠልኩት ወይ ብትዪኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም። ሲግል ይሸተኝ ነበር። እጄ ግን አልተነሣም።

ውሃውን አልፈራም። ጨለማውንም አልፈራም። የምፈራው ክቡን ሠርቼ ያንን ባዶ ቦታ እንደገና ማየት ነው። ይኸው ነው የጎደለው ዕቃ፣ እሱን ደግሞ በሳጥን መላክ አይቻልም። ቢሆንም ምንጩ ይናፍቀኛል። በየጠዋቱ ሄጄ ዳር ተቀምጬ ለውዝ እበላለሁ፣ ኤሊዎቹም ለምደውኛል።

አጎትሽ ሆሊስ


ስታቫንገር
ኦገስት 3 ቀን 1980

አጎቴ፣ የእኔ ጌታ፤

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፣ አለቃዬ ሻይ አመጣልኝ። ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አክስቴን የሚተካ ሰው የለም፣ ይተካም አልልም። እሷ ከዳር የምትቆመው ግን ስለምትወድዎ ብቻ አልነበረም። ሰው ከታች ካለ ከላይ ሰው ይቆማል፤ እርስዎው ያስተማሩኝ ደንብ ነው። ያን ቀን ደንቡን አፍርሰው ብቻዎን ገቡ፣ እኔም ስለዚያ ገና እቆጣዎታለሁ።

ከዳር ሃርላን ይቁም። አውቃለሁ፣ ወሬኛ ነው። ግን ቅርንጫፍ አጥሩ ላይ ጥለውበት እንኳ በማግስቱ ቡና ይዞ የመጣው እሱ ነው። መብራቱ ጠፋ ያሉትን ትተው እውነቱን ይንገሩት።

ብርጭቆውና አምፖሉ በሳጥኑ አሉ። ማብሪያው ቀጭ ይበል፣ ሌላ አልላክሁም።

ግሌንዳ


ፒፕኪን ስፕሪንግ
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1980

ለምወድሽ ለግሌንዳ፤

ቤትሽ ይሙቅ፣ ድንችሽ ይጣፍጥ። ዛሬ ጸጉሬ ገና እርጥብ ሆኖ ነው የምጽፍልሽ።

ለሃርላን ነገርኩት። አጥሩን አብረን ስንጠግን፣ ሚስማር አፉ ውስጥ እንዳለ ነው የነገርኩት፣ እንዳያቋርጠኝ። ስጨርስ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አወጣና ዝም አለ። ሃርላን ዝም ሲል አይቼ ስለማላውቅ አመመው ወይ ብዬ ነበር። ከዚያ፣ “ታዲያ ምን ይዤ ልቁም?” አለኝ።

“የሚያብለጨልጭ ነገር” አልኩት። የኦፓል መስታወት መሳቢያ ውስጥ አለ። አወጣሁት፣ አየሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። እሱ የሷ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሃርላን ተጣጣፊ ወንበር፣ የተቀቀለ ለውዝና የማክሲንን የፓይ ኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ቆርቆሮው ላይ የትናንቱ ኮክ ፍርፋሪ ሳይቀር አለበት። “ሳታየኝ ነው ያወጣሁት፣ ቶሎ ጠልቀህ ቶሎ ውጣ” አለኝ። የጎማ ቀለበቷን ጠርጌ፣ የድመት ፀጉር ፈልጌ፣ ግራሶ ቀብቼ ክዳኑን ዘጋሁ። መብራቷን ያበራኋት ውሃ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

ግሌንዳ፣ የሠራኋት መብራት ምን እንደምትመስል እንዴት ልንገርሽ። ድንጋዩ ላይ ሳበራባት ነጩ አሸዋ ሁሉ ነቃ። ትንንሾቹ ዓሦች ጥላቸውን እየጎተቱ በፊቴ አለፉ። ጉልበቴን ረሳሁት። ውሃው እንደ ድሮው ተሸከመኝና እዚያ ታች ብቻዬን ሳቅሁ፣ አየር ማባከኔ ነው እንጂ።

የዋሻው አፍ ላይ ደረስኩ፣ አልገባሁም፣ ቃልሽን አክብሬያለሁ። ዞር አልኩ። እጄ ከበደኝ። ቆይቼ ቆይቼ መብራቷን ወደ ላይ አነሣሁና ክብ ሠራሁ።

ምንም የለም።

መብራቷን ላወርድ ስል ከላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ከዚያ ጠፋ፣ ከዚያ ደግሞ መጣ። ቆርቆሮው ነው! ክብ እንዳይመስልሽ ታዲያ፣ ድንች ነው የሚመስለው። ኦፓል ቀስ አድርጋ ነበር የምትሠራው፣ አንድ ጊዜ ዞሮ ያቆማል። ሃርላን ግን ማቆም የለም፤ ቀኝ ግራ፣ ላይ ታች፣ የሚቃጠል ቤት ያየ ሰው ይመስል ያወናጭፈዋል። የመጥለቂያ መነጽሬ ውስጥ አለቀስኩ። መነጽር ውስጥ የገባ ውሃ በአፍንጫ እፍ ተብሎ ነው የሚወጣው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እፍ አልኩ። መልሼ ክብ ሠራሁለት። እሱም መለሰልኝ፣ እኔም እንደገና። አየሬ ሊያልቅ እስኪቃረብ ሁለት ሽማግሌዎች እንዲያ ስንባባል ቆየን።

ስወጣ ሃርላን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ነው። ሲያወናጭፍ ሸርተት ብሎ ወድቋል፣ ቆርቆሮውን ግን አልለቀቀም። “ለምን ዘገየህብኝ?” አልኩት። “ኮክ ተጣብቆበት እምቢ አለኝ፣ እየላስኩ ነበር!” አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝና ለውዙን በሙሉ ለኔ ሰጠኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንጠልቃለን። ማክሲን ግን ቆርቆሮዋን ተጎድጉዶ አግኝታዋለች፣ ሁለታችንንም አታናግረንም።

ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ዕቃ ላኪልኝ። ለመብራቷ ምንም አይጎድላትም። አንድ የእጅ መስታወት ለሃርላን ላኪለት። ትንሽ ይሁን፤ ትልቅ ከሆነ ራሱን ሲያይ እኔን ታች ይረሳኛል።

ደህናው አጎትሽ ሆሊስ